የሂሳቡ ሳህን ጦርነትና የክራኮቭ ዘመቻ ስንቅ

ጌታችን ሙሀይሚን በአሥራ ሰባት ቁጥር ትራም ላይ በነገሡ በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በዘመነ ማቴዎስ፣ በወርኃ የካቲት፣ በረዶው ገና ከኦስሎ ጎዳናዎች ሳይነሣ፣ በዕለተ ቅዳሜ፣ ጌታችን የሂሳቡን ሳህን በቀኝ እጃቸው እንደ ጨበጡ፣ ወዳጃቸው አበጋዝም ያንኑ ሳህን በሌላው ወገን እንደ ጨበጠ፣ ሁለቱም ከወንበራቸው ተነሥተው፣ አንዱ በእናቱ፣ አንዱ በልጆቹ እየማለ ይጓተቱ ነበር። ሳህኒቱ ትንሽ ነበረች፤ በላይዋም የታጠፈ ወረቀትና ጥቂት ከረሜላ ብቻ ነበረባት፤ ነገር ግን በዚያች ሰዓት የሁለት ወሎዬዎች ክብር በሙሉ ተጭኖባት ነበርና እንደ ወፍጮ ድንጋይ ከበደች። የምግብ ቤቱ ጌታ ቱርኩም የካርድ ማሽኑን እንደ ጋሻ ከደረቱ ላይ ይዞ በመካከል ቆመ፤ ወዲህ ሲዞር ካርድ ይዘረጋለታል፣ ወዲያ ሲዞር ካርድ ይዘረጋለታል፤ ማንን ቢያስከፍል ማን እንደሚቀየመው አላወቀም።

አበጋዝ ሳህኑን ከለቀቀ ስሙ አበጋዝ እንዳልሆነ ተናገረ። ጌታችንም በአለፈው ቅዳሜ የከፈለ፣ ከዚያ በፊት ባለውም ቅዳሜ የከፈለ ሰው ዛሬ ደግሞ ልክፈል ማለቱ ወንድምነት ሳይሆን ንቀት መሆኑን አስረዱ። አበጋዝ ንቀት የሚለውን ቃል በሰማ ጊዜ እጅግ አዘነ፤ አዝኖም ሳህኑን ከቀድሞው ይልቅ ጠበቅ አድርጎ ያዘ። በዙሪያው የተቀመጡ እንግዶችም ሹካቸውን አስቀምጠው ይመለከቱ ነበር፤ ከእነርሱም አንድ ኖርዌያዊ ሽማግሌ፣ ሁለቱ ሰዎች ሂሳቡ በዝቶባቸው የተጣሉ መስሎት፣ ወረቀቱ እንደገና ይቈጠር ብሎ ቱርኩን መከረው።

የዚህ ጉባኤ ምክንያት ግን፣ ሰሚው ለማመን ቢቸግረውም፣ ቁጠባ ነበረ።

ነገሩም የተጀመረው እንዲህ ነው። የጌታችን ባለቤት ሩቂያ በሴንትሩም፣ እርሱም የከተማው መሐል ነው፣ አንድ ትልቅ ቢሮ ታጸዳ ነበር፤ በዚያም ቢሮ ከአንድ ጠረጴዛ ትይዩ የተሰቀለ የቀን መቁጠሪያ ነበረ፤ የሐምሌ ወር በደረሰም ጊዜ የአንዲት አሮጌ ከተማ አደባባይ ታየበት፤ ቅስት ቅስት መግቢያ ያለው ረጅም የገበያ አዳራሽ፣ ቁመታቸው የማይተካከል መንታ ግንቦች፣ ርግቦች፣ አበባ የሚሸጡ ሴቶች። ሩቂያ ያን ወር ሙሉ ያንን ጠረጴዛ ከሌሎቹ ይልቅ ቀስ ብላ ወለወለችው። ወሩም አልቆ ባለጠረጴዛው ገጹን ቀድዶ በጣለው ጊዜ ከቅርጫቱ አውጥታ ወደ ቤታቸው ወደ ሞርተንሩድ ወሰደችው፣ በማቀዝቀዣውም በር ላይ ለጠፈችው። አብራት የምታጸዳው ዳኑታ የምትባል የፖላንድ ሴት፣ ከተማይቱ ክራኮቭ እንደምትባል፣ የነገሥታት መቀመጫ እንደ ነበረች፣ በኦስሎ አንድ ሰው ምሳ በሚበላበት ገንዘብ በዚያ ቤተሰብ እንደሚጠግብ ነገረቻት፤ እናቷም ለእንግዳ የምታከራየው ንጹሕ ክፍል እንዳላት፣ ቁርሱም ከኪራዩ ጋር እንደሆነ ጨመረችላት። ሩቂያም በአንድ እሑድ ሳህን እያጠበች፣ ፊቷን ሳትመልስ፣ ጌታችንን እንዲህ አለቻቸው፦

«ከመጣን ወዲህ ለሥራም ለለቅሶም ያልሆነ መንገድ ሄደን አናውቅም። እዚህች አደባባይ ላይ ካንተ ጋር ቁጭ ብዬ አንድ ሻይ ልጠጣ።»

ጌታችንም ልባቸው ተነካ፤ እንደ አገሩ ልማድ «ያ» አሉ፤ ያም በኖርዌይኛ እሺ ማለት ነው፤ ከመጪው ሰኔ እንዳያልፍም ማሉላት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ኖሮ ታሪክ ጸሐፊ ባላስፈለገ። ነገር ግን ጌታችን ደስታን ለብቻ መያዝ የማይሆንላቸው ሰው ናቸውና በማግስቱ ለአበጋዝ ነገሩት፤ አበጋዝም እኔን ትታችሁ ነው ወይ ብሎ ተቀየመ፤ እንዳይቀየምም ተጋበዘ፤ አበጋዝ ተጋብዞ ጌቱ ቢቀር ነውር ነውና ጌቱ ተጨመረ፤ ትኬት የሚገዛው በኮምፒውተር ነውና የጌቱ ልጅ ናታሊ ተጨመረች። የዘመቻውም ሰዎች እነዚህ ናቸው፦ በቀኝ አበጋዝ፣ የኮምቦልቻው፣ ባለ ጥቁሩ መርሴዲስ ታክሲ፣ በጭጋግም በበረዶም መንገድ የማይስት፣ በግብዣ ተሸንፎ የማያውቅ፤ በግራ ጌቱ፣ በደብዳቤ መለያው አዳራሽ ሹም የሆነ፣ ፆም የማያጎድል፣ የተጣላ ሳያስታርቅ የማያድር፣ የዘመቻውንም ሣጥን፣ እርሱም ቢጫ ፖስታ ነበረ፣ በደረት ኪሱ የሚይዝ፤ በኋላ ናታሊ፣ በኦስሎ በአመሩድ ሰፈር ፎቆች መካከል ተወልዳ ያደገች፣ በመድን ድርጅት ሥራ ከያዘች ዓመት ያልሞላት፣ አማርኛን በኖርዌይኛ ዜማ የምትናገር፤ በመካከልም ጌታችን ሙሀይሚን፣ የደሴው፣ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ፣ ደወል አሰሚው፣ የሀዲድ ጌታ፣ በበረዶ ቀን እንኳ ሰዓት የማያዛንፉት። ሩቂያም ነበረች።

ሁሉም በየወሩ ከደመወዙ ወደ ሣጥኑ እንዲያገባ፣ የክራኮቭም ወጪ አስቀድሞ ተተምኖ አንዲት ሳንቲም እንዳትባክን በየቅዳሜው ጉባኤ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ጉባኤም በባዶ ሆድ አይቀመጥምና በግሮንላንድ ሰፈር ባለው፣ ሥጋው ሐላል በሆነው በቱርኩ ቤት እንዲሆን ተወሰነ። ሳህኒቱም ወደ ታሪክ የገባችው በዚህ በር ነው።

ይህች ሳህን ለጌታችን የቆየ ቁስል ነበረች። ጌታችን ወደ ኦስሎ በመጡ በመጀመሪያው ዘመን፣ ሥራ ሳይኖራቸው፣ ጫማቸውም ለበረዶ የማይሆን በነበረ ጊዜ፣ የሚከፍለው ሁልጊዜ አበጋዝ ነበረ፤ ያን ጊዜ መብላት እንጂ መከራከር አይቻልም ነበርና በሉ። ትራሙን ከያዙ በኋላ ግን ብድሩን ለመመለስ የሞከሩት ሁሉ ከሸፈ። አበጋዝ እጁ ፈጣን ነው፤ ስልክ የመጣለት መስሎ ይወጣና ይከፍላል፤ እጁን ሊታጠብ የሄደ መስሎ ይከፍላል፤ አንድ ጊዜም ገና ምግቡ ሳይታዘዝ ከፍሎ ተገኘ። ጌታችን ከቤታቸው በቀር በአደባባይ አበጋዝን አንድ ቀን እንኳ ሳያበሉ ዘመኑ አለፈ፤ ይህንንም ነገር ትራሙን እየነዱ በየፌርማታው ያስቡት ነበር።

ወእምዝ፣ በዚያች በየካቲት ቅዳሜ፣ ሳህኒቱ ልትሰበር በተቃረበች ጊዜ፣ ጌቱ ተነሥቶ በሁለቱ መካከል እጁን አስገብቶ አወጀ፦

«አዋጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ። እናንተ ሰዎች ተፋቅራችሁ ልትጋደሉ ነው። ከዛሬ ጀምሮ የጉባኤውን ሂሳብ ሙሀይሚንም አይከፍል፣ አበጋዝም አይከፍል፤ ሣጥኑ ይክፈል። ሣጥን የማንም ወንድም አይደለም፤ ሣጥን ከፈለ ብሎ የሚቀየም የለም።»

ሁለቱም በአንድ ጊዜ ሳህኑን ለቀቁ፤ ከረሜላውም ወለሉ ላይ ተበተነ። ጌቱ ቢጫውን ፖስታ አወጣ፤ ቱርኩም ከጭንቅ እንደ ዳነ ሰው ተነፈሰ። ይህም ስምምነት የሳህን ሰላም ተባለ።

በውእቱ መዋዕል በግሮንላንድ ሰፈር ታላቅ ሰላም ሆነ። ቀድሞ ሁሉም በወንድሙ ኪስ እንዳይጨክን እየፈራ ሾርባና ዳቦ ብቻ ያዝዝ ነበር፤ አሁን ግን የሚጨከንበት ሰው ታጣ፤ ሾርባ ያዝዝ የነበረውም ጥብስ አዘዘ፣ ጥብስ ያዝዝ የነበረውም ከጥብሱ በፊት ሾርባ አዘዘ። ቁጠባውም በዚያው መጠን በረታ። የክራኮቭ ሾርባ ዋጋ ከኦስሎ ባቡር ጣቢያ የመጸዳጃ ቤት መግቢያ እንደማይበልጥ በታወቀበት ቅዳሜ ደስታው ልክ አጣና ለሁሉም ባቅላቫ ታዘዘ። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ በአውቶቡስ እንጂ በታክሲ እንዳይኬድ በተባለ ጊዜ አበጋዝ ስለ ዓለም ታክሲ ነጂዎች ክብር ተነሥቶ ተከራከረ፤ ክርክሩም ከምሳ ተነሥቶ እስከ ራት ደረሰ፤ በአውቶቡስም እንዲሆን ተወሰነ። በሶ ይያዝ ወይስ አይያዝ በሚለው ነገር ላይ ቅዳሜዎች አለፉ። ጌቱ በሶ ከያዝን ቁርስና ምሳ ተረፈን አለ፤ አበጋዝ ግን በነገሥታት ከተማ ክፍል ዘግቶ በሶ መበጥበጥ ለወሎ ልጅ የማይገባ መሆኑን ተናገረ፤ ጌታችንም ሁለቱን ሰምተው በሶው ለቁርስ ብቻ እንዲሆን ፈረዱ። ሩቂያ ቁርሱ ከክፍሉ ኪራይ ጋር መሆኑን አሳሰበች፤ ነገር ግን ፍርዱ ከተሰጠ በኋላ ስለ ነበረ በጉባኤው አልተያዘላትም። ከበሶው የሚተርፈው ገንዘብ ብዙ ሆኖ ስለ ተገኘም በዚያ ዕለት ጠቦት ታዘዘ። ጌቱ ሁዳዴ ላይ ነበረና የሽምብራ ልቁጥ ብቻ በላ፤ የሽምብራው ሳህን ግን በሳህን ላይ ተደራረበ።

ስለ አውሮፕላኑም ትኬት ታላቅ ምክር ሆነ። ናታሊ ዛሬውኑ ካልተገዛ ዋጋው እንደሚወጣ ተናገረች። አበጋዝ ግን በትዕግሥት ሣቀ፤ እርሱ በልጅነቱ በኮምቦልቻ መናኸሪያ አድጓልና የመጓጓዣን ጠባይ ያውቃል፤ አውቶቡስ ሞተሩን አስነሥቶ ሊወጣ ሲል ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ የቀረችውን ወንበር በግማሽ ዋጋ እንደሚሸጥ፣ ባዶ ወንበር ይዞ መሄድን የሚወድ ባለንብረት በምድርም በሰማይም እንደሌለ አስተማረ። ይህም ትምህርት ለሁሉም ጣፈጠ፤ በተለይም ለጌታችን፣ ምክንያቱም ሣጥኑን አሁን ለመክፈት አያስገድድምና።

በመጋቢት አንድ ቅዳሜ ግን ሽፍትነት ተነሣ። ናታሊ ለራሷ አንድ ሻይ አዘዘች፤ ጠጥታም ወደ ቱርኩ ሄዳ በራሷ ካርድ ከፈለች። ጌቱ አንገቱን ደፋ፤ አበጋዝ ልጅቷን ማን አስቀየማት ብሎ በዙሪያው ጠየቀ፤ ጌታችንም ያጎደሉባት ነገር ካለ ይቅር ትላቸው ዘንድ ለመኑ። እርሷም ኮቷን እየለበሰች እንዲህ ብላ አወጀች፦

«አባዬ፣ ማንም ምንም አላደረገኝም። የጠጣሁትን ከፈልኩ፣ በቃ። እንደዚህ ካልሆነ ግን ሣጥናችሁ ክራኮቭ አይደርስም፤ ግሮንላንድንም አያልፍም።»

ጉባኤውም መክሮ፣ በሰው አገር የተወለደ ልጅ የሚለውን አያውቅም ብሎ ማራት፤ ስለ ሰላሙም ሌላ ዙር ሻይ ታዘዘ። ሩቂያ ግን ልጅቷን እስከ በሩ ድረስ በዐይኗ ሸኘቻት።

በዚያው ሳምንት ሩቂያ የሐምሌን ገጽ ከማቀዝቀዣው በር አንሥታ፣ አጥፋ በቦርሳዋ ከትታ፣ ወደ አመሩድ፣ ወደ ናታሊ ዘንድ ሄደች። ከሥራ አለቃዋም የሰኔን ፌሪዬ፣ እርሱም ዓመታዊ ዕረፍት ነው፣ አስቀድማ አስፈቅዳ ነበር። ማታም ተመልሳ ገጹን በቦታው ለጠፈችውና ለጌታችን እንዲህ አለቻቸው፦

«ሙሀይሚን፣ ትኬቴን ገዝቻለሁ። ናታሊ ኮምፒውተሩን አልዘጋችም፣ ካጠገቤ ያለው ወንበር አሁንም አለ። ልደውልላትና ያንተንም እንያዝ?»

ጌታችንም ወደ ማቀዝቀዣው በር ተመለከቱ። አደባባዩን፣ ርግቦቹን፣ ከቅስቱ ሥር የተደረደሩትን ባዶ ወንበሮች አዩ፤ እጃቸውም ወደ ኪሳቸው ሄደች፤ ካርዳቸውንም ነካች። በዚያች ቅጽበት ግን የአበጋዝ ፊት መጣባቸው። በጨለማው ዘመን ያበላቸውን ሰው ወደ ኋላ ትተው ከሚስታቸው ጋር ተሹለክልከው ሄዱ ከሚባል ሀዲዱ ከሥራቸው ቢነቀል በወደዱ። እጃቸውም ከኪሳቸው ባዶዋን ወጣች፤ ቅዳሜ ጉባኤው ይሁንታ ይስጥበት አሉ። ሩቂያ ስልኩን አስቀመጠች፤ ሳህኖቿንም ማጠብ ጀመረች። ቅዳሜም መጣ፤ ጉባኤውም ሩቂያን የዘመቻው ፊታውራሪ ብሎ ሾማት፤ ጦር ፊታውራሪውን አስቀድሞ መስደዱ የቆየ ሥርዓት ነውና። ለሹመቱም ተበላ፤ ተጠጣ።

በሚያዝያ የትኬቱ ዋጋ ወጣ። አበጋዝ ረዳቱ ገና ሞተር አላስነሣም አለ። በግንቦት ደግሞ ወጣ። አበጋዝ አሁን ሊያስነሣ ነው አለ። ጌታችንም ሌሊት ከመተኛታቸው በፊት ውሃ ሊጠጡ ወደ ወጥ ቤት ሲገቡ ዐይናቸውን ከማቀዝቀዣው በር ማሸሽ ለመዱ።

ሰኔም ገባ። በፊታውራሪዋ መነሻ ዕለት፣ በማለዳ፣ ጌታችን ትንሿን ሻንጣ በእጃቸው ይዘው ከሞርተንሩድ ከሩቂያ ጋር በምድር ባቡር ወረዱ። በመንገድም ብዙ አልተነጋገሩም። ጌታችን ግን ሌሊቱን ያሰናዱት አንድ ቃል ነበራቸው፤ ያን ጊዜ ወንበሩን መያዝ ነበረብኝ፣ ይቅር በይኝ፣ የዚያች አደባባይ ሻይ ያለብኝ ዕዳ ነው፣ ሳልከፍል አልሞትም ሊሏት፤ ይህንንም ሰው በሌለበት፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያው በሚሄደው ባቡር በር ላይ ሊናገሩ አስበው ነበር። ነገር ግን በማዕከላዊው ጣቢያ፣ ከባቡሮቹ በላይ ካለው ቡና ቤት፣ አበጋዝና ጌቱ ለሽኝት ቀድመው ደርሰው ተገኙ፤ ናታሊ ብቻ ሥራ ገብታ ነበረ። ፊታውራሪ በባዶ ሆድ አይሸኝምና እንቁላሉ፣ ዳቦው፣ ቡናው፣ ለጌቱም ሰላጣው ታዘዘ። አበጋዝም በክራኮቭ በርካሽ ስለ መመገብ ለሩቂያ የመጨረሻውን ምክር ሰጣት፤ ከጣቢያ አጠገብ እንዳትበላም አጥብቆ አስጠነቀቃት።

በልተውም ባበቁ ጊዜ ጌቱ ቢጫውን ፖስታ ከደረቱ አወጣ፤ ከፈተ፤ ውስጡን አየ፤ ዘቀዘቀውም። አንዲት ሳንቲም ብቻ ወጥታ በጠረጴዛው ላይ ተሽከረከረች፤ እስክትወድቅም ድረስ ሁሉም ተመለከቷት። የክራኮቭ ግንቦች፣ የክራኮቭ ሾርባዎች፣ የበሶው ቁጠባ፣ ሁሉም በቱርኩ ቤት ተበልተው እንዳለቁ ያን ጊዜ ተገለጠ። ማንም ማንንም አልወቀሰም። አስተናጋጇ ሳህኑን ይዛ ከወዲያ ስትመጣ ግን ሣጥን እንደሌለ፣ ሣጥንም ከሌለ የሳህን ሰላም እንደ ፈረሰ ሁለቱ ወሎዬዎች በአንድ ጊዜ አስታወሱ።

የአበጋዝ እጅ እንደ ጭልፊት በረረች፤ ሳህኑንም ጨበጠች፤ ጌታችንም ከወንበራቸው አልተነሡም፣ እጃቸውንም አልዘረጉም። በሳህኑ ላይ የተከፈለበት ደረሰኝ ብቻ ነበረ። ጌታችን ቀደም ብለው ስኳር ሊያመጡ የሄዱ መስለው ወደ ገንዘብ ተቀባይዋ ቀርበው፣ የሚበላውንም የሚጠጣውንም ሁሉ አስቀድመው ከፍለው ነበርና። ስኳሩንም አምጥተው ነበር። አበጋዝ ደረሰኙን አነበበ፤ ደግሞ አነበበ፤ ዐይኑም እንባ አቀረረ። ጌታችንም ቀስ ብለው ተነሥተው አወጁ፦

«አዋጅ! አበጋዝ፣ ዛሬ የበላኸው የእኔ ነው። ወላሂ፣ ከዛሬ በኋላ ጫማዬ በረዶ አይገባውም።»

አበጋዝም ተነሥቶ ትከሻቸውን ሳመ፤ ተሸነፍኩ፣ ደስም አለኝ አለ። ጌቱ ይደልዎ፣ ይደልዎ አለ፤ በአጠገብ ሻንጣቸውን ይዘው የሚጠብቁ የማያውቋቸው መንገደኞችም ልደት መስሏቸው አጨበጨቡ። የሁሉንም ጆሮ የያዘ አንድ ነገር ግን ነበረ፤ አበጋዝ ደረሰኙን ደግሞ ቈጥሮ አንድ ሻይ እንደ ጎደለበት አገኘ፤ በጠረጴዛው ያለው ስኒ ከደረሰኙ ይበልጣልና። ይህም ለጌታችን ክብር ከሰማይ የተደረገ ቅናሽ እንደሆነ ተስማሙበት።

ሰላም ለእግሮችዎ፣ ስኳር ፍለጋ መስለው ወደ ድል ለተራመዱት። ሰላም ለጣቶችዎ፣ የምስጢሩን ቁጥር ሳይንቀጠቀጡ ለተጫኑት። ሰላም ለፊትዎ፣ ከከፈለም በኋላ እንዳልከፈለ ሰው ለተረጋጋው። ሰላም ለትዕግሥትዎ፣ ዓመታትን ሁሉ በየፌርማታው ለተሸከመው። ከደሴ እስከ ሞርተንሩድ፣ ከግሮንላንድ እስከ ማዕከላዊው ጣቢያ፣ አበጋዝን በአደባባይ ያበላ እንደ እርስዎ ያለ አልተነሣም፤ አይነሣምም። እንዲህ እያሉ አበጋዝ በቀኝ፣ ጌቱ በግራ ሆነው አወደሷቸው፤ ጌታችንም እጃቸውን በደረታቸው ላይ አድርገው ሰሙ፤ ለሩቂያ ያሰናዱትንም ቃል ሙገሳው ሲያበቃ ሊናገሩት አቆዩት።

ሩቂያም ሰዓቱን አየች። የጠጣችውን ሻይ ስትገባ ከፍላ ነበርና የምትጠብቀው አልነበራትም፤ ትንሿን ሻንጣ ከጠረጴዛው ሥር ሳበች፤ በሚንቀሳቀሰው ደረጃም ወደ ባቡሩ ወረደች።